ሜዳ ያጣ ቁጣ

ፒያሳ ላይ ስለ እግር ኳስ ክለቡ የማያማርር የጊዮርጊስ ደጋፊ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ኢትዮጵያ ቡናም ዘንድ ያው ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ማኪያቶ ላይ፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ሲጠበቅ ወሬው አንድ ነው። አንዱ አሰልጣኙን ይረግማል። ሌላው «ተጫዋቾቹ ማሊያው አይከብዳቸውም» ይላል። ሦስተኛው ቦርዱ ይውረድ ባይ ነው። ከዚያ ሂሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

ቡድን ሲዳከም ደጋፊ ይናደዳል። ያለ ነገር ነው። የሚገርመው ይሄ ሁሉ ሰው ተናዶ በዚያ ምክንያት እንቅልፍ ያጣ የክለብ አመራር አለማየታችን ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ታዲያ ምን ተቀየረ?

መልሴን ከመናገሬ በፊት የጊዮርጊስ ልጅ መሆኔ ይታወቅልኝ። የቡና ልጆች እየቻላችሁኝ።

ወድቀናል የሚለው ወሬ በዋንጫ ቁጥር ሲታይ ትንሽ ያስቸግራል። ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሊጉን በተከታታይ አሸንፏል። ይሄንን ውድቀት ብንለው አንድ ዋንጫ የናፈቃቸው ክለቦች ይስቁብናል። ግን ደጋፊ የሚለካው በሌላ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. ጊዮርጊስ የአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኖ ነበር። ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ኤስፔራንስና ቪታ ክለብ አዲስ አበባ መጥተው ተጫውተዋል። ያንን ያየ ሰው «ከዚህ በኋላ ወደ ላይ ነው» ብሎ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የግብፁ አል አህሊ ገጠመን። ሁለቱም ጨዋታ ግብፅ ውስጥ ነው የተካሄደው። የእኛ «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባለውም ጭምር። በድምሩ 7 ለ 0። ከዚያ ወዲህ ሊጉን ንግድ ባንክ በ2016፣ መድን በ2017 ወስደውታል።

የቡና ሐዘን ከዚህ ይለያል። ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2003። ስለዚህ የቡና ደጋፊ ዋንጫ ቆጥሮ አያውቅም። የሚቆጥረው ጨዋታ ነው። በ1990 አል አህሊን ከአፍሪካ ውድድር ያስወጣውን ቡድን ያነሳልሃል። ካሳዬ አራጌ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ኳስ መሬት ለመሬት ከግብ ጠባቂው ተነስታ ስትሄድ እያየ ቢሸነፍም እንኳ አጨብጭቧል። በ2013 አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ግብ ሲያገባ የቡና ሰው መንገድ ላይ ሰው እያቆመ ነበር የሚያወራው። በቀጣዩ ዓመት አቡበከር ወደ ሰንዳውንስ መሄዱ ተሰማ። ካሳዬም ሄደ። ያ አጨዋወት አብሯቸው ሄደ። የቡና ደጋፊ «የኛ የምንለው ነገር ምን ቀረን?» ሲል ሰንጠረዡን አይቶ አይደለም የሚናገረው።

ካታንጋ ይሰማ ነበር

ካምቦሎጆን የማያውቅ ወጣት እየበዛ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ እያንዳንዱ ጥግ ስም ነበረው። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ። ዋጋቸው ይለያያል፣ አፋቸውም ይለያያል። ጥላ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ጋዜጣ አጥፎ ይቀመጥበታል። ካታንጋ ላይ ያለው የመስመር ዳኛውን ከነቤተሰቡ ይጠይቀዋል። ደርቢ ሲሆን ከጠዋቱ ጀምሮ ከለገሃር እስከ መስቀል አደባባይ ሰልፍ ነው። ሱፍ፣ ቆሎ፣ ሎሚ የሚሸጡ ልጆች በሰልፉ መሀል ይሹለከለካሉ። ትኬት «አለ፣ አለ» እያለ በጆሮህ የሚያንሾካሹክ አትራፊም አይጠፋም።

በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በዚህ ሜዳ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የክለቡ ቦርድ ክቡር ትሪቡን ላይ ይቀመጥ ነበር። ካታንጋና ሚስማር ተራ ደግሞ እዚያው፣ በዓይን በሚታይ፣ በጆሮ በሚሰማ ርቀት ላይ ነበሩ። ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲጥል ዜማው ይቀየራል። መጀመሪያ አሰልጣኙ ይነሳል። ካልበቃ ወደ ክቡር ትሪቡን ይዞራል። ክራቫት ያሰረ ሰውዬ አሥር ሺህ ሰው ፊቱን አዙሮ «ይውረድ!» ሲለው ከጨዋታው በኋላ በየትኛው በር እንደሚወጣ ማሰብ ይጀምራል። ስድቡ ደስ አይልም፤ አንዳንዴም ከስድብ አልፎ ድንጋይ ሆኗል፤ እሱን ማንም አይደግፈውም። ግን አመራር ደጋፊን የሚፈራበት አንድ መንገድ ነበር። ሌላው መንገድ ደግሞ አለመምጣት ነው። ሰው ሲቀር የበር ገቢ ይወርዳል። የበር ገቢ ሲወርድ ቦርዱ ይሰበሰባል።

ሁለቱም መንገዶች በአንድ ጊዜ ተዘጉ። በ2013 ሊጉ ኮሮናን ተከትሎ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፣ ከዚያ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ኮሮናው አለፈ፣ አሠራሩ ግን ቀረ። ካምቦሎጆ ለእድሳት ተዘጋ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ደረጃን የሚያሟላ ሜዳ ጠፍቶ ብሔራዊ ቡድኑ እንኳ አገር ለአገር ዞረ። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የተጫወትነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ ደግሞ ዓመታት ቆጥሮም አላለቀም።

ስለዚህ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ፣ ሸገር ደርቢ፣ ከሸገር ወጣ። አዳማ ሲሆን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱስ ይሁን። ሐዋሳ ግን ከ270 በላይ ነው። ድሬዳዋማ ባይወራ ይሻላል። የትራንስፖርት፣ የምሳ፣ አንዳንዴም የአልጋ ወጪ አለው። ጨዋታው በሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ አለቃህን ምን ትለዋለህ? «አክስቴ ሞተች» የሚባለው በዓመት ስንት ጊዜ ነው? የሚሄዱ አሉ። አውቶቡስ ተከራይተው፣ ጡሩንባቸውን ይዘው፣ ሌሊት ተመልሰው ጠዋት ሥራ የሚገቡ። እነሱን ባርኔጣዬን አንስቼ አከብራለሁ። ግን በመቶ የሚቆጠር ሰው ባዕድ ከተማ ላይ ቢጮህ አዲስ አበባ ላይ ያለ ጽሕፈት ቤት አይሰማም።

የቀረነው ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። አንድ ቀን አራት ኪሎ አካባቢ የጊዮርጊስን ጨዋታ ለማየት ገብቼ ነበር። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት፣ የሥራ ቀን። ውስጥ ያለነው በጣት የምንቆጠር ነን። ሁለቱ ጫት ይዘው የመጡ ናቸው፣ ኳሱን ከነመኖሩም የረሱት ይመስለኛል። እረፍት ላይ ባለቤቱ ሪሞቱን አንስቶ የእንግሊዝ የድሮ ጨዋታ ድጋሚ ከፈተ። ሁለተኛው አጋማሽ መጀመሩን እኔ ነኝ ያስታወስኩት። «አንተ ደግሞ ታያለህ እንዴ?» አለኝ። ክፋት የለበትም። ማታ ለአርሰናልና ለማንቸስተር ዩናይትድ ጨዋታ ወንበር ሲጠፋ ያያል፤ እኛን ደግሞ ያያል። ሂሳቡን ያውቃል።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

እዚህ ላይ «ስታዲየሙ ቢዘጋም ጊዮርጊስ ሁለት ዋንጫ በላ አይደል?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። የሜዳ መጥፋት ብቻውን ቡድን አያዳክምም። የሚያዳክመው ገንዘቡ ነው፤ የሜዳው መጥፋት ደግሞ ደጋፊውን ከገንዘቡ ጨዋታ አስወጥቶታል።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ በአብዛኛው የሚኖረው በመንግሥት ብር ነው። የከተማ አስተዳደር በጀት፣ የመከላከያ ወይም የመንግሥት ድርጅት በጀት። የ2016ና የ2017 ሻምፒዮኖችን ስም ብቻ አንብቡ፤ ባንክና ኢንሹራንስ። ንግድ ባንክ ሊጉን ያሸነፈው በተመለሰበት ዓመት ነው። ተጫዋቾቹና አሰልጣኙ የሠሩትን ማንም አይቀማቸውም። ግን ቡድኑ በስንት ደጋፊ ፊት ነው የሚጫወተው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደጋፊ ይኑር አይኑር ደሞዙ ይገባል። የፊርማ ገንዘቡም ይከፈላል። ነሐሴ 2011 የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ወረቀቱ ላይ ተከበረ። ከጠረጴዛ ስር የሚሆነውን ግን ኳስ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያወራል።

ጊዮርጊስና ቡና በዚህ ገበያ ላይ በሌላ ኪስ ነው የሚገቡት። ጊዮርጊስ ለዓመታት በበላይ ጠባቂው በሼህ መሐመድ አላሙዲ ድጋፍና በቢራ ስፖንሰር ተንቀሳቅሷል። ቡናም በቡና ነጋዴው፣ በቢራ ስፖንሰርና በደጋፊው መዋጮ። ቢራው ላይ በ2011 የወጣው አዋጅ መጣ። የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከቢልቦርድ ተከለከለ። ለጤና ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። ግን ስሙን እንደልቡ ማስተዋወቅ ያልቻለ ፋብሪካ ለክለብ ብዙ ብር የሚያወጣበት ምክንያት መሳሳቱ አይቀርም። በአንድ ባለሀብት ላይ መንጠልጠልም የራሱ ጣጣ አለው። ሰውየው ሲመቸው ይመችሃል፣ ሲቸግረው ይቸግርሃል።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብስ? ሊጉ በ2013 ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት ውል ሲያስር ጠቅላላ ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ነበር። ትልቅ ቁጥር ነው። የቀረጻና የስርጭት ወጪውንም ይጨምር ነበር፣ ለክለቦች ደግሞ ይከፋፈል ነበር። ክለቦችን ጠቅሟል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ገንዘብ የመጣው ካሜራው ስለቆመ ነው እንጂ ካታንጋ ስለሞላ አይደለም። ለአመራሩ ሌላ የገቢ በር ተከፈተ፣ ያ በር ደግሞ በደጋፊው እጅ አይደለም።

ውጤቱ ግልጽ ነው። የክለብ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚያስጨንቀው በጀት የሚፈቅደው ሰው፣ ስፖንሰሩና ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማህበር ነው። ደጋፊው በዚያ ዝርዝር ላይ የለም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ ቀድሜ የምደውለው ብር ለሚሰጠኝ ሰው ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ደጋፊ ዋጋ የለውም እንዳይባል የጠፉትን ክለቦች እንይ። ዳሽን ቢራ ከሊጉ ሲወርድ ፈረሰ። ደደቢት በ2005 ሻምፒዮን ነበር፣ በ2011 ከሊጉ ወረደ፤ ማን አለቀሰ? ንግድ ባንክ ራሱ አንድ ጊዜ ፈርሶ እንደገና የተቋቋመ ቡድን ነው። ባለቤቱ «በቃ» ሲል የሚቀር ነገር የለም። ጊዮርጊስ ግን 1928 ላይ አራዳ ተመሥርቶ ጣሊያንን፣ ንጉሡን፣ ደርግን አልፎ እዚህ ደርሷል። ቡናም በስንት ችግር ውስጥ አለ። ያቆያቸው ማን ነው? ያው ደጋፊው ነው። ክለቡን ከሞት የሚያድነው እሱ፣ በክለቡ ጉዳይ የማይጠየቀውም እሱ።

ማንቼ ደጋፊስ ምን አደረገ?

ከተማችን ውስጥ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሲያማርር የሰማ ሰው የጊዮርጊስን እሮሮ ቃል በቃል ይሰማል። አሜሪካውያኑ ባለሀብቶች ግሌዘሮች በ1997 ክለቡን በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዙ የብድሩን ብዙውን ክፍል በክለቡ ላይ ጫኑት። አሰልጣኙ ፈርጉሰን እስከ ግንቦት 2005 ሸፍኖላቸው ቆየ። እሱ ሲወጣ ገመናው ተገለጠ። በ2017 ዓ.ም. ቡድኑ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ኦልድ ትራፎርድ 74 ሺህ ሰው ይይዛል፣ ይሞላልም። ደጋፊው አረንጓዴና ቢጫ ሻርፕ አድርጎ ተቃውሟል፤ በ2013 ሜዳ ውስጥ ገብቶ የሊቨርፑልን ጨዋታ ለሌላ ቀን አስገፍቷል። ግሌዘሮች ግን አሉ። ስለዚህ «ሜዳ ይመለስልን እንጂ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው ወገኔ ትንሽ ረጋ ቢል ጥሩ ነው። ሜዳ ድምፅ ይሰጣል፤ ሥልጣን አይሰጥም።

ጀርመኖች ጋ ሁለቱም አለ። እዚያ ከጥቂቶች በቀር የክለቡ አባላት ከግማሽ በላይ ድምፅ ይይዛሉ። በ2016 የሊጉ አስተዳደር የቴሌቪዥን ገቢውን ድርሻ ለባለሀብት ሊሸጥ ሲል ደጋፊዎች ሜዳ ላይ የቴኒስ ኳስ እየወረወሩ ጨዋታ አቋረጡ። ለሳምንታት። የካቲት ላይ ዕቅዱ ተሰረዘ። እኛ አገር የቴኒስ ኳሱም ውድ ነው፣ መወርወሪያ ሜዳውም የለም።

የሚገርመው ግን በወረቀት ላይ ጊዮርጊስና ቡና ለጀርመኖቹ ቅርብ ናቸው። ግሌዘር የላቸውም። ጊዮርጊስ የስፖርት ማህበር ነው። ቡና ጠንካራ የደጋፊ ማህበር አለው፤ በየዓመቱ በሚያደርጉት ሩጫ መንገዱን ቡናማ ሲያደርጉት አይተናል። አባልነት አለ፣ መዋጮ አለ፣ ጠቅላላ ጉባኤ የሚባል ነገር አለ። የጎደለው መዋጮው ድምፅ መሆኑ ነው። ብዙ ደጋፊ መታወቂያ የሚያወጣው እንደ ማሊያ ቆጥሮት ነው፤ ፍቅሩን ለማሳየት። በዚያ ካርድ ቦርድ እመርጣለሁ፣ ሂሳብ እጠይቃለሁ ብሎ የሚያስበው ጥቂት ነው። ማህበራቱም ቢሆኑ አንዳንዴ የደጋፊው አፍ ከመሆን ይልቅ የቦርዱ ጆሮ ጠቢ ይሆናሉ። ወይ ደግሞ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ይካሰሳሉ።

ሌላ የማይወራ ኪሳራም አለ። አንድ ልጅ የጊዮርጊስ ደጋፊ የሚሆነው በማስታወቂያ አይደለም። አጎቱ ትከሻው ላይ አድርጎ ካምቦሎጆ ያስገባዋል። ሰፈሩ ውስጥ ደርቢ ሲቃረብ የሚሸሽበት የለም፤ ወይ ብርቱካናማ ነህ ወይ ቡናማ ነህ። ያ ሰፈር አሁን የለም። በ2016 ፒያሳ ዙሪያ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ሰው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ተበተነ። የመንገዱን መስፋት እናደንቅ፣ መብራቱም ያምራል። ግን ዶሮ ማነቂያ አብሮ ያደገ የጊዮርጊስ ቲፎዞ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ገላን ጉራ ሆኗል። ሜዳው በሌለበት፣ ሰፈሩ በተበተነበት፣ ልጁ ማንን ይደግፍ? ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሚጫወቱትን ሕፃናት ማሊያ እዩ። አርሰናል፣ ሲቲ፣ ሪያል። ይሄ በክለቡ የዓመት ሪፖርት ላይ የማይወጣ ቁጥር ነው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ግን ይወጣል።

ታዲያ ደጋፊው ምን ይጠይቅ? «አሰልጣኙ ይባረር» ርካሽ ጥያቄ ነው፤ አመራሩም ይወደዋል። አንድ ሰው ገፍቶ ሌላ ሦስት ወር ይገዛበታል። እኔ ብሆን በወረቀት የሚመለስ ነገር ነው የምጠይቀው። ባለፈው ዓመት ከቴሌቪዥን ስንት ገባ? ከዝውውር ስንት ገባ፣ ምን ላይ ዋለ? ውላቸው ሳያልቅ ለተሰናበቱ አሰልጣኞች ስንት ተከፈለ? የቦርድ አባል የሚመረጠው በማን ድምፅ ነው፣ ለስንት ዓመት? መዋጮ የከፈለ ሰው ይህን መጠየቁ ድፍረት አይደለም። ማንኛውም እድር እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ሂሳቡን ያነባል።

ይህን ስል አንድ ወዳጄ ተቃወመኝ። የክለብ ሰው ነው፣ ስሙን አልጠራም። «ደጋፊ ስሜታዊ ነው» አለ። «ድምፅ ብትሰጡት በየወሩ አሰልጣኝ ያባርራል።» ሊሆን ይችላል። ግን ከ2013 መጀመሪያ እስከ 2014 መግቢያ ድረስ ጊዮርጊስ ጀርመናዊውን ኤርነስት ሚደንዶርፕን፣ ደቡብ አፍሪካዊውን ማሂር ዴቪድስን፣ ስኮትላንዳዊውን ፍራንክ ነታልን፣ ክሮኤሺያዊውን ዝድራቭኮ ሎጋሩሲችን አስመጥቶ ሸኝቷል። ሁለቱን ዋንጫ ያመጣው ከእነሱ በኋላ የተረከበው የቤቱ ልጅ ዘሪሁን ሸንገታ ነው። አራቱ ሲመጡም ሲሄዱም ካምቦሎጆ የተሰበሰበ ደጋፊ አልነበረም።